በጤና ሥርዓቱ የሚታወቁ ዓይኖች

የአዲስ አበባ ሰው ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በእስር ቤቷ ነው፤ አለበለዚያም በሽንኩርቷ፤ አለበለዚያም ወደ ደሴ ሲጓዝ ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ሹራቡን የሚያወልቅባት ከተማ በመሆኗ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የይፋት ቆላ፣ ማሽላውና ማሾው፣ ከተዳፋቱ ላይ የተንጠለጠሉት የአርጎባ መንደሮች፣ ከአፋር በኩል ግመል እየነዱ ለገበያ የሚወጡት አርብቶ አደሮች ለብዙዎቻችን ከአውቶቡስ መስኮት የሚታይ ሥዕል ናቸው። እኔ በዚያ አገር አክስት አሉኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሳቸው ዓይን ነው። ስለ አንዲት ባልቴት ዓይን ተነሥቶ ስለ መንግሥት አሠራር ሳይናገሩ መጨረስ እንደማይቻል ግን አንባቢ ከወዲሁ ይገምታል።

አክስቴ ያለባቸው ሕመም በሐኪም አጠራር «የዓይን ቆብ ፀጉር መቀልበስ» ይባላል። እሳቸው በአጭሩ «ፀጉር» ነው የሚሉት። ምንጩ ትራኮማ ነው፤ ሕፃናትን እየደጋገመ የሚይዝ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን የሚሻገር ተላላፊ በሽታ። አንድ ጊዜ ይዞ ቢለቅ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ለዓመታት ሲመላለስ ግን የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ዓይንን ሊጠብቅ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ዞሮ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ይፋቃል። ብሌኑ ቆስሎ ቆስሎ በመጨረሻ ይነጣል፤ ከነጣ በኋላ የቆቡን ፀጉር ማቃናት ብርሃኑን አይመልስም። ልጅ የምታቅፍ፣ የልጅ ፊት በነጠላዋ ጫፍ የምትጠርግ፣ ከልጅ ጋር በአንድ መደብ የምትተኛ ሴት ስለሆነች፣ በዚህ ሕመም የሚጠቁት ሴቶች ከወንዶቹ እጥፍና ከዚያም በላይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ከዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው ትራኮማ ነው። የዚያን ጊዜ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከመቶው 62.6ቱ ትራኮማ በዓይናቸው ላይ ነበር። ከአሥር ሕፃናት ስድስቱ ማለት ነው። የዚያው ጥናት አዘጋጆች ከዓይነ ስውርነቱ ከመቶው 87 ያህሉ መከላከል ወይም መታከም የሚችል እንደነበር አስፍረዋል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ካነበብሁ ወዲህ «እግዜር ያመጣው ነው» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኛል።

እኛ ከተሜዎች ስለዚህ ነገር ስናወራ ቶሎ የሚቀናን ወቀሳ አለ፦ ሕዝቡ ኋላ ቀር ነው፣ ሐኪም ትቶ ወደ ባህል መድኃኒት ይሮጣል። እስቲ እንግዲህ አክስቴ በዓይናቸው ሰበብ የደረሱባቸውን ደጆች በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ደጅ የራሳቸው አንገት ነው። ከማተባቸው ጋር በክር የታሰረች ወረንጦ አለች። በይፋት ቆላ ወረንጦ እንደ መርፌ የቤት ዕቃ ናት፤ ግራር በበዛበት አገር እሾህ የማይወጋው እግር የለምና። ፀጉሩ ሲያስቸግራቸው ፀሐይ ላይ ይቀመጡና የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ነይ እስቲ ንቀይልኝ» ይሏታል። ልጅቱ ዓይኗ ደህና ነው፣ እጇም አይንቀጠቀጥም። ከሥሩ የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ እስኪያድግ ስድስት ሳምንት ገደማ ዕረፍት ይሰጣል። ከመካከሉ የተበጠሰ እንደሆነ ግን ጉቶው ከቀድሞው የባሰ ይወጋል። ስለዚህ የወረንጦዋ አፍ መግጠሙና አለመግጠሙ በዚያ ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ደጅ ብጣት ነው። በመንደሩ ቅንድብና ሰርን በምላጭ በመብጣት የታወቁ አንዲት ሴት አሉ፤ «መጥፎው ደም ይውጣ» በሚል። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፦ ብጣት ለተቀለበሰ ቆብ አንዳች አይጠቅምም፣ ምላጩም ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር ሌላ በሽታ ያሻግራል። ከዚህም የሚብሰው ዓይን ውስጥ ቅጠል ጨምቆ ማንጠብ ነው። የቆሰለ ብሌን ላይ ያልታወቀ ጭማቂ ሲገባበት በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኑ መግል ይዞ ሊፈስስ ይችላል። የባህል ሕክምና ሁሉ ጥበብ ነው ከሚሉት ወገኖች ጋር ስለዚህ አልስማማም።

ሦስተኛው ደጅ ጸሎት ነው። አክስቴ ጸበል ቦታ ሁለት ሱባዔ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታቸው እስላም ናቸውና ሸኹ ዘንድ ሄደው ዱዓ አስደርገውላቸዋል። በይፋት ይህ የተለመደ ጉርብትና ነው። ሱባዔውን የምሳለቅበት እንዳይመስላችሁ። ቢያንስ ለአሥራ አራት ጧት ፊታቸውን በንጹሕ ውኃ ታጥበዋል፤ የጤና ጥበቃ ፖስተር ደግሞ የሚለምናቸው ይህንኑ ነበር።

አራተኛው ደጅ የመስታወት መደርደሪያ ያለው የከተማ መድኃኒት መደብር ነው። ከብጣቱ ይልቅ እኔ የምፈራው ይህን ነው። ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል ብሎ የገባ ሰው ያለ ማዘዣ ጠብታ ይዞ ይወጣል። ጠብታው ስቴሮይድ ያለበት እንደሆነ ቅላቱና ማሳከኩ በሁለት ቀን ስለሚጠፋ ሰውየው መድኃኒቱን ያመሰግናል፤ ባለቀ ቁጥርም ብልቃጡን ይዞ ይመለሳል። ለወራት ሲደጋገም የዓይን ውስጥ ግፊት እየጨመረ የማየት ነርቩን ሊገድል፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ይህኛውን ልማድ ማንም «ኋላ ቀር» ሲለው አልሰማሁም፤ በፋብሪካ የታሸገ ነገር ባህል አይመስለንማ።

ለነገሩ በይፋት የዓይን ሕመም የድሀ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከዚሁ ቆላ በላይ፣ አንኮበር ላይ ሆነው ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ቤተ መንግሥታቸው የደረሰው ሻለቃ ሃሪስ በልጅነታቸው በያዛቸው ሕመም እንዳጡት ጽፏል። ንጉሥ ቢሆኑም የሚሄዱበት ሌላ ደጅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነገሥታትም አብዮትም ምርጫም አልፈዋል፤ ዛሬ ሐኪም አለ፣ ቢላዋም አለ፣ ኪኒንም አለ። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ ነገሮች ወደ አክስቴ እንዴት ባለ መንገድ ደረሱ የሚለው ነው።

የደረሱት በዘመቻ ነው።

በአገራችን ዘመቻ የማይሆን ነገር የለም። ትራኮማን ለመከላከል ዓለም የተስማማበት መንገድ አራት ነገሮችን የያዘ ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ ንጽሕና። ከአራቱ ሁለቱ በመኪና ተጭነው ሊመጡ ይችላሉ፤ እነሱ መጡ። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በነጻ የሚሰጠው ዚትሮማክስ በዓመት አንድ ጊዜ ታደለ፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ቁመቱ በእንጨት እየተለካ እንደ ቁመቱ ልክ ዋጠ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቆባቸው ተቀልብሶ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ወደ ሰባት መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በአጭር ጊዜ ለማዳረስ አገር አቀፍ ጥረት ተጀመረ። ይህን ማጣጣል ግፍ ይሆናል። አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች በየጤና ጣቢያው በሠሩት ሥራ ስንት እናት ሌሊት ተኝታ ማደር ጀምራለች!

አክስቴም ተራቸው ደረሰና በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለቱም ዓይናቸው ተሠራ። «መርፌው ነው እንጂ ቢላዋው አያምም» ብለውኛል። ነርሱ ትሑት ልጅ ነበር፤ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ልጨርስ ነው» እያለ ሠራላቸው። ዓይናቸው ታሽጎ አደረ፤ በማግሥቱ ተፈታ፤ ክሩ የሚወጣበት ቀን ተነገራቸው። በቀጠሮው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግራቸው ተጉዘው ሲደርሱ ልጁ የለም፤ ዘመቻው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። የቀሩት ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰኞ ይምጡ ተባሉ። ሰኞ መጡ፤ ስብሰባው አላለቀም። ክሩ እያሳከካቸው፣ ቆቡም ማበጥ ሲጀምር ማን እንዳወጣላቸው ታውቃላችሁ? ያቺው ቅንድብ በጪዋ ሴት። ምላጩን በእሳት አስነክተው፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ክሩን አንድ በአንድ ቆርጠው ሳቡት። «ከሐኪም የተማርኩት ነው» አሉ አሉ፤ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

እንግዲህ እኔ ይህን ሰምቼ ስናደድ አክስቴ ግን አልተናደዱም። ከእኔ ይልቅ ነገሩ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ እሷኮ የትም አትሄድም» አሉኝ። በእርግጥም ሴትዮዋ የትም አይሄዱም። ሥራቸው ቢበላሽ ምንጭ ላይ ያገኟቸዋል፤ ገበያ ላይ ያገኟቸዋል፤ እድር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንድን ሰው ዓይን ቢያጠፉ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያንን ሰው በየቀኑ እያዩ ይኖራሉ። ዘመቻው ግን ሥራው ከተበላሸ በኋላ በየት በኩል ይገኛል? አቤቱታ የሚቀበል በር የለውም፤ የሄደበትን ወረዳ ስም እንኳ የሚነግር የለም። የይፋት ሕመምተኛ ወደ ባህል ሐኪም የሚመለሰው ሳይንስን ስለናቀ አይመስለኝም። ነገ የሚገኝ ሰው ስለሚፈልግ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ በቀኝ ዓይናቸው ፀጉሩ ተመለሰ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በዚሁ በአማራ ክልል 1,000 ሕመምተኞችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በጥሩ ክትትል ሥር እንኳ በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ በአንደኛው የአሠራር ዘዴ ከመቶ 13፣ በሌላው ከመቶ 22 ሰዎች ላይ ተመልሶ ነበር። መመለሱ የታወቀ ነው ማለት ነው። የታወቀ ከሆነ ደግሞ የሚመለስበትን ሰው የሚጠብቅ ወንበርና ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።

እኔም ድጋሚ ይታዩ እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ ገባሁ። የት እንደሆነ ይቅር። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ ስማቸውን በጣቱ አገኘና ደስ ብሎት «አክስትዎ ይታወቃሉ» አለኝ። በኋላ ነው የቃሉ ትርጉም የገባኝ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድን አገር ከትራኮማ ነጻ ለማለት ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል «በጤና ሥርዓቱ የማይታወቅ» የፀጉር መቀልበስ ያለባቸው ከ0.2 ከመቶ ማነስ አለባቸው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የተመለሰበት፣ ቀጠሮ የተያዘለት፣ አልፈልግም ያለ ሰው ሁሉ «የሚታወቅ» ነውና ከዚህ ቁጥር ውጪ ነው።

የመለኪያው ሐሳብ በራሱ ክፉ አይደለም። ሐኪም ያልደረሰበትን ሰው ፈልጋችሁ አግኙ ለማለት የወጣ ነው፤ የታወቁትንም የሚያስተናግድ ሥርዓት ይኑራችሁ የሚል ሌላ መስፈርት አብሮት አለ። ነገር ግን በሪፖርት በሚተዳደር አገር ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። አክስቴ ከመታከማቸው በፊት ፈልገው ሊያገኟቸው የሚገቡ፣ የሚቆጠሩ ሰው ነበሩ። ታክመው ሕመሙ ሲመለስባቸው ከቁጥሩ ወጡ። ስማቸው በመዝገብ አለ፤ ፀጉሩ በዓይናቸው አለ፤ ሪፖርቱ ውስጥ ግን ችግር አይደሉም። መታወቅ እንዲህ ሰውን የሚሰውር ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ያለው ዜጋ ሁሉ ግን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ሁሉ ካወጣሁ ካወረድሁ በኋላ የወረንጦዋን ነገር መመርመር ጀመርሁ። የጤና ባለሙያዎች አክስቴን «በወረንጦ አይንቀሉ» ብለው ሲቆጧቸው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ እዚያው አማራ ክልል ውስጥ 1,300 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የተቀለበሰባቸው ፀጉር ከስድስት ያነሰ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ አፉ በትክክል የሚገጥም ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቶ ዓይኑ ደህና የሆነ የቤተሰብ ሰው አነቃቀሉን ተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉሩን በማስቀረት ቀዶ ሕክምናው በግልጽ በለጠ። በማየት ችሎታና በብሌኑ መጎዳት ግን በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ያች ፀሐይ ላይ አያቷን የምትነቅል ልጅ፣ ሕመሙ ገና ቀላል ለሆነበት ሰው፣ የሐኪም ያህል ብርሃን ታተርፍ ነበር። የጎደላት የሚገጥም ወረንጦና «እንዲህ አድርጊ» የሚላት ሰው ነበር። ከባድ ለሆነበት ሰው አሁንም ቢላዋው ይሻላል፤ ይህን ማንም እንዳይዘነጋው።

የቀሩት ሁለቱ ነገሮች፣ የፊትና የአካባቢ ንጽሕና፣ በመኪና አይጫኑም። ውኃ ይፈልጋሉ። ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ሽንኩርቱን እያጠጣ፣ ከተዳፋቱ ላይ ያለችው ሴት ጀሪካን ተሸክማ ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ከዚያች ጀሪካን የሊጡ፣ የወጡ፣ የጥጃው ድርሻ ሲነሣ ለልጅ ፊት የሚተርፈው ስንት ነው? «የልጅሽን ፊት እጠቢ» የሚለውን ፖስተር ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ይህ ነው። እንግሊዞች ከግብፅ ዘመቻ በተመለሱ ወታደሮቻቸው ዓይን ተቸግረው ለንደን ላይ በ1805 የዓይን ሕክምና ቤት የከፈቱበት ሕመም ከሀገራቸው የጠፋው በአብዛኛው ኪኒኑ ሳይገኝ በፊት፣ ቤቱና ውኃው ሲሻሻል ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና በ2018፣ ጋምቢያ በ2021፣ ማላዊ በ2022፣ ማሊ በ2023 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ማብቃቱ ተረጋግጦላቸዋል። ዓለም ለማጥፊያ የቀጠረው 2020 አልፎ አሁን 2030 ተብሏል። የዓለምን የትራኮማ ሸክም ትልቁን ድርሻ የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት።

በይፋት ደግሞ ቀጠሮን የሚያፈርስ ሌላ ነገር መጣ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን ራሷን ዋጣት፤ ከተማይቱ ተይዛ ተለቀቀች፤ ጦርነቱ በደረሰባቸው የክልሉ ወረዳዎች ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በመከላከያና በፋኖ መካከል ግጭት ስላለ፣ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ይዘጋል። አንድ የዓይን ሞራ ያለባቸው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ልሂድ ወይስ ወደ ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ፣ እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሁለቱም መንገድ ተዘግቶባቸው ቤታቸው ቀሩ። ሞራ ጊዜ ይሰጣል፤ ቆይቶም ቢነሣ ብርሃኑ ይመለሳል። የተቀለበሰ ፀጉር ግን ተኩስ አቁም አያውቅም፤ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ይፍቃል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠራችው ወረንጦዋ ናት። ባለፈው መንገዱ ሲከፈት በሰው እጅ ከአዲስ አበባ ሁለት ወረንጦ ላክሁላቸው፤ ፀጉር አጥብቆ የሚይዝ፣ አፉ ብርሃን የማያሳልፍ። ለልጅቱም ከሥሩ ይዛ ቀስ ብላ እንድትስብ፣ ከዚያ በፊት እጇን እንድትታጠብ፣ በስልክ አስረዳኋት፤ እሷም «አውቀዋለሁ» አለችኝ። አክስቴ የቀኝ ዓይናቸው ጥግ በጥቂቱ ነጥቷል፤ በግራው ግን ገና መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ። ከሁለቱ ወረንጦዎች አንዱን ለቅንድብ በጪዋ ሴት ሰጥተዋቸዋል። ምላጩን ትተው በእሱ እየነቀሉ ነው አሉ፤ ዋጋውም ያው ነው፣ አንድ ሲኒ ቡና።